ያው ክኒን፣ ያው መጠን፤ ታዲያ እሷ ላይ ብቻ ለምን?

ጥያቄው፦

«ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ከስምንት ወር በፊት ድምፅ ይሰማኛል፣ ሰው ይከታተለኛል እያለች እንቅልፍ አጣች፣ ከቤትም አልወጣ አለች። ጸበልም ሐኪም ቤትም ወሰድናት። ሪስፔሪዶን የሚባል መድኃኒት ታዘዘላት፤ አሁን ማታ ማታ 3 ሚሊግራም ትወስዳለች። እግዚአብሔር ይመስገን ድምፁ ጠፍቶላታል፣ ትምህርቷንም ጀምራለች። ነገር ግን የወር አበባዋ ከቀረ አራት ወር ሆነ። የወንድሜ ልጅ 18 ዓመቱ ነው፤ ያንኑ መድኃኒት በዚያው መጠን ይወስዳል፤ እሱ ምንም አልሆነም። ጎረቤቴ ‹ማኅፀኗን አድርቆት ነው፤ ይሄ መድኃኒት ለወንድ እንጂ ለሴት አይሆንም› አለችኝ። እውነት ነው ወይ? ላስቁማት?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳዎትን ልመልስ። ማኅፀኗ አልደረቀም። መድኃኒቱንም በራስዎ አያስቁሟት። ድምፁን ያጠፋላት እሱ ነው። በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ የጀመረችው ትምህርትም አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ስል ግን አራት ወር ሙሉ የወር አበባ መቅረት «ይሁና» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ቀጠሮዋ ሩቅ ከሆነ አይጠብቁት። በዚህ ሳምንት ሐኪሟን ያግኙ።

አሁን ሳይቆጡኝ አንድ ነገር ልበል። የ17 ዓመት ልጅ የወር አበባዋ ሲቀር መጀመሪያ የሚሠራው የእርግዝና ምርመራ ነው። ልጅዎን ጠርጥሬ አይደለም። የእኔም ልጅ ብትሆን መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው። በሽንት የሚሠራው ከፋርማሲ በቀላሉ ይገኛል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያ ነፃ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣው የፕሮላክቲን የደም ምርመራ ነው። የእኔ ግምት እዚያ ላይ ያርፋል።

ፕሮላክቲን ምንድን ነው? ከአንጎላችን ሥር የሽምብራ ፍሬ የምታክል እጢ አለች፤ ፒቱታሪ ትባላለች። ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን የሚወጣው ከእሷ ነው። ዋና ሥራው ለወለደች ሴት ወተት ማምጣት ነው። በሌላው ጊዜ ዝም ብሎ እንዳይፈስ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይይዘዋል።

ሪስፔሪዶን ድምፁን የሚያጠፋው አንጎል ውስጥ የዶፓሚንን ሥራ በመግታት ነው። ግን ክኒን አድራሻ ተጽፎለት አይዋጥም። ደም የሄደበት ሁሉ ይሄዳል። ፒቱታሪ ደግሞ አንጎልን ከደም ከሚለየው አጥር ውጭ ስለሆነች መድኃኒቱ በቀላሉ ያገኛታል። ዘበኛው ይታሰራል፣ ፕሮላክቲን ያለ ከልካይ ይወጣል። የልጅዎ ሰውነት ሕፃን የምታጠባ መስሎታል ማለት ነው። የምታጠባ እናት የወር አበባዋ እንደሚዘገይ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ልጅዎ ላይ የሆነውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ማኅፀኗ ደህና ሆኖ ከላይ የሚወርደው ትእዛዝ ነው የታገደው። ፕሮላክቲኑ ሲወርድ አበባውም በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይመለሳል።

ለብቻዋ አድርገው አንድ ነገር ይጠይቋት። ጡቷ ይከብዳታል ወይ? ጡት ማስያዣዋ ላይ እርጥበት አይታ ታውቃለች ወይ? ወልዳ የማታውቅ ልጅ ከጡቷ ወተት የመሰለ ነገር ሲወጣ ስታይ ምን እንደምታስብ ይገምቱ። ካንሰር የመሰላት አለች። እርግዝና መስሏት፣ ከወንድ ጋር ደርሳ ሳታውቅ፣ በድብቅ ስታለቅስ የከረመችም አለች። በሽታ ይዟት የማታውቅ ልጅ እንኳ ይሄ ያስፈራታል። ትናንት ሰው ይከታተለኛል ስትል ለነበረች ልጅማ ዛሬ ሰውነቷ ራሱ ሲከዳት ምን ይሰማታል?

እንግዲህ ወደ ጎረቤትዎ ልምጣ። ጎረቤትዎ ሙሉ በሙሉ ስተዋል ማለት ይከብደኛል። ሪስፔሪዶን ፕሮላክቲንን የሚያንረው በሁለቱም ጾታ ነው፤ ሴቶች ላይ ግን ከፍታው ይበልጣል። ይህ የመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ሳይቀር የተጻፈ ነገር ነው። ከ10 እስከ 17 ዓመት ባሉ፣ ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚለይ ሕመም) ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ባለባቸው ልጆች ላይ በተሠሩ ጥናቶች መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል ከ100ው ከ80 በላይ የሚሆኑት ፕሮላክቲናቸው ከልክ አልፏል። መድኃኒት አልባ ክኒን ከተሰጣቸው ግን የጨመረባቸው ከ100 ከ10 በታች ናቸው። መጠኑ በጨመረ ቁጥር ፕሮላክቲኑም ይጨምራል።

ይህን ቁጥር ልብ ብለው ከተመለከቱ አንድ ነገር ይታይዎታል። ከ80 በላይ ሲባል ወንዶቹም ውስጥ አሉበት። ታዲያ የወንድምዎ ልጅ «ምንም አልሆነም» የሚለው ከየት መጣ?

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት አንድ የ16 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር እኔ ዘንድ ይመላለስ ነበር። መድኃኒቱ ጥሩ ሠርቶለታል። አንድ ቀን እናቱ «ዶክተር፣ ልጄ ተመልሶበታል» አለችኝ። ከሰው ሸሸ፣ ኳስ ተወ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ከትምህርት ቤት ይጠፋል፣ ከእህቱ ጋር የሚተኛበትን ክፍል ለውጡልኝ ብሎ አስቸገረ። መጋቢት ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ልጁ ግን ወፍራም ጃኬት ለብሶ፣ ዚፑን እስከ አገጩ ዘግቶ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል። ከሰው መሸሽ የበሽታው አንዱ ምልክት ነው። መጠኑን ልጨምር ካርዱ ላይ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

ምን እንዳስቆመኝ አላውቅም፤ ጃኬቱ ይመስለኛል። እናቱን «ሻይ ጠጥተሽ ነይ» አልኳት። በሩ ሲዘጋ «ሙቀት ነው፣ አውልቀው እንጂ» አልኩት። ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ዚፑን እስከ ግማሽ አወረደው። ከሥር የእህቱን ጠባብ ካኒቴራ ደረቱ ላይ አጥብቆ ለብሶበታል። ጡት አብቅሏል። «ወደ ሴት እየተቀየርኩ ነው?» አለኝ፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። አምስት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገረም። እኔ በአምስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። «እንዴት ነህ?» ብዬዋለሁ፣ «ደህና» ብሎኛል። ስለ ጡቱ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። መጠኑን ብጨምርለት ኖሮ ደግሞ የሚያሸሸውን ነገር ነበር የምጨምርበት።

ስለዚህ ብዙ ቦታ «መድኃኒቱ ሴቶችን ይበልጥ ይጎዳል» ሲባል ስሰማ አንድ ጥያቄ ቶሎ ይመጣብኛል፦ ወንዶቹን ማን ጠየቃቸው? የሴቷ ሰውነት በየወሩ ሪፖርት ያቀርባል። አበባው ሲቀር እናት ታውቃለች፣ ጓደኛ ታውቃለች፣ እሷም ትቆጥራለች። የወንዱ ሰውነት እንዲህ ያለ ደወል የለውም። ፕሮላክቲኑ ሲያሻቅብ የወንድነት ሆርሞኑ ይወርዳል። ስሜቱ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ላይ የነበረው መነቃቃት ይጠፋል፣ ጡቱ ሊያብጥ ይችላል። የ18 ዓመት ጎረምሳ ይህን ለእናቱ ሊናገር? ለሐኪሙም አይናገርም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ክኒኑን ሽንት ቤት ይጥለዋል። ከዚያ በሽታው ተመልሶ ሲመጣ «መድኃኒቱ አልያዘውም» ይባላል።

እንዳላስፈራራዎት ልኩንም ልናገር። 1,885 ልጆችና ወጣቶች በተካተቱባቸው የሪስፔሪዶን ጥናቶች የወንድ ጡት ማበጥ የተመዘገበው 2.3 በመቶ ላይ ነው። ይሄ ግን የተናገረውንና የታየውን ነው የሚቆጥረው። ደግሞ መድኃኒት ቀምሶ የማያውቅ ጎረምሳም በጉርምስና ወቅት ጡቱ ትንሽ ሊያብጥና በራሱ ሊጠፋ ይችላል፤ በጣም የተለመደ ነው። ስለዚህ ያበጠ ጡት ሁሉ የክኒኑ ሥራ አይደለም። በአሜሪካ ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ፊላደልፊያ ውስጥ ከተራ ዜጎች የተመረጠ አንድ የፍርድ ሸንጎ በልጅነቱ ይህን መድኃኒት ወስዶ ጡት ላበቀለ ወጣት 8 ቢሊዮን ዶላር ፈርዶለት ነበር። በኋላ ዳኛው ወደ 6.8 ሚሊዮን አወረዱት። የገንዘቡ ነገር ለአሜሪካኖች ይቆየን። ለእኛ የሚጠቅመው ወንዶችም ላይ እንደሚደርስ ማወቁ ነው።

እንዲያውም ወንዶቹ ላይ የሚብስ ነገር አለ። ሃሎፔሪዶልን የመሳሰሉ የቆዩት የዚህ ሕመም መድኃኒቶች ሲጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የጡንቻ መኮማተር ሊያመጡ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ የሚይዘው ወጣት ወንዶችን ነው። አንገት ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ዓይን ወደ ላይ ተገልብጦ ይቀራል። ይህን ከዚህ በፊት አይቶ የማያውቅ ቤተሰብ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም፤ «ይኸው፣ ያለበት መንፈስ ጮኸ»። ልጁ ሳይታከም ሌሊቱን ሙሉ አንገቱ ተጣሞ ያድራል። ድንገተኛ ክፍል የሚሰጥ አንድ መርፌ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታዋል፤ ቤንዝሄክሶል የምንለው ክኒንም ይፈታዋል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። ሪስፔሪዶንም ያመጣዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን መጠኑ በፍጥነት ሲጨመር ነው። ጉሮሮ ከያዘና መተንፈስ ካቃተው አንድ ደቂቃም የሚባክን አይደለም።

ታዲያ ሕመሙን በማዳን በኩልስ ልዩነት አለ? ልጅዎ ድምፁ ጠፍቶላታል፤ የወንድምዎ ልጅም ያንኑ መድኃኒት ይወስዳል። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ሰው እንደሚጠብቀው የሚያስደንቅ አይደለም። በወጣቶች ላይ የተሠሩት ጥሩ ጥናቶች ወንድ ወይም ሴት መሆን ብቻውን ማን እንደሚሻለው ለይቶ አይናገርም ነው የሚሉት። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 439 ድብርት ያለባቸው ልጆች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት አለ። በ12 ሳምንት ውስጥ ፍሉኦክሴቲን የሚባለውን የድብርት ክኒን ከወሰዱት 61 በመቶው ተሻላቸው። ክኒኑን ከንግግር ሕክምና ጋር ያገኙት 71 በመቶ ደረሱ። የንግግር ሕክምና ብቻ ያገኙት 43፣ መድኃኒት የሌለው ክኒን የተሰጣቸው ደግሞ 35 በመቶ ናቸው። ማን ተሻለው ተብሎ ሲፈተሽ ዕድሜ፣ በሽታው የቆየበት ጊዜና የሕመሙ ክብደት ለውጥ ያመጣሉ። ጾታ ግን ያን ያህል አልጎላም።

ፍሉኦክሴቲንን ካነሳሁ አይቀር ስለ ማስጠንቀቂያው ልበል፤ ብዙ ወላጅ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ይደነግጣልና። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የድብርት መድኃኒቶች በወጣቶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብና ሙከራ ሊጨምሩ ይችላሉ ብሎ፣ መግለጫቸው ላይ በጥቁር ሣጥን ተከቦ በሚጻፍ ከባድ ማስጠንቀቂያ አስጠነቀቀ። 24 ጥናቶች ሲደመሩ ክኒኑን ከወሰዱት 4 በመቶ፣ ካልወሰዱት 2 በመቶ ላይ ታየ። በነዚያ ጥናቶች ውስጥ ራሱን ያጠፋ ግን አንድም ልጅ አልነበረም። በ2007 ማስጠንቀቂያው እስከ 24 ዓመት ተዘረጋ። ማስጠንቀቂያው ለሁለቱም ጾታ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በቅርብ ተከታተሉ ነው የሚለው። እዚህም ላይ ያችው የመናገርና የአለመናገር ነገር ትመጣለች። በብዙ አገር የሚሞክሩት ሴቶች ይበዛሉ፣ የሚሞቱት ግን ወንዶች ይበዛሉ። ልጃገረዷ ስትናገር ቤቱ ይደነግጣል። ልጁ ዝም ሲል «ጠነከረ» ይባላል።

እውነቱን ለመናገር ስለ ልዩነቱ ከዚህ በላይ ማወቅ ነበረብን። የማናውቅበት ምክንያት ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ የወጣ መመሪያ መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያ ደረጃ የመድኃኒት ሙከራዎች ውስጥ እንዳይገቡ ከለከለ። የተነሳው በ1993 ነው። ያ ሁሉ ዓመት መጠን ሲወሰን በአብዛኛው የተለካው በወንድ ሰውነት ነው። መዘዙ በግልጽ የታየው ዞልፒዴም በሚባል የእንቅልፍ ክኒን ላይ ነው። ለወንድም ለሴትም እኩል 10 ሚሊግራም ሲታዘዝ ኖረ። ገበያ ላይ በዋለ በ20 ዓመቱ ገደማ፣ በ2013፣ የሴቶቹ መጠን በግማሽ ይቀነስ ተባለ። ማታ የዋጡት ጠዋት መኪና ሲነዱም ደማቸው ውስጥ ከልክ በላይ ይገኝ ነበር፤ ከ100 ሴቶች 15 ገደማ፣ ከ100 ወንዶች 3 ገደማ። ያው ክኒን፣ ያው መጠን።

ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው የልጄም መጠን በግማሽ ይቀነስ» እንዳይሉኝ። ሁሉም መድኃኒት አንድ አይደለም። ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን የሚባሉትን፣ እንደ ሪስፔሪዶን ያሉ መድኃኒቶች፣ የሚፈጭ አንድ ኢንዛይም የሚባል ንጥረ ነገር ጉበት ውስጥ አለ። በሴቶች ሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ ይሠራል። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴትነት ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን ሲጨመር ይበልጥ ይዘገያል። የሲጋራ ጭስ ደግሞ በተቃራኒው ያፈጥነዋል። የሚያጨስ ጎረምሳና የማታጨስ ልጅ እኩል 10 ሚሊግራም ኦላንዛፒን ቢወስዱ ደማቸው ውስጥ የሚቀረው በጣም ይለያያል። ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ ሲጋራ ሲያቆም መድኃኒቱ ይከማችና ቀኑን ሙሉ ያንጎላጃል። ወጥቶ ሲጀምር ይወርድና በሽታው ይቀሰቀሳል። ጫት ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ጫት ዶፓሚንን ይገፋል፣ መድኃኒቱ ይገታል። አንዱ ጎማውን ሲነፋ ሌላው እንደሚያስተነፍሰው ነው። ሲጋራውም ጫቱም በአብዛኛው ወንዶቹ ጋ ስላለ ከሩቅ ሲታይ የጾታ ልዩነት ይመስላል።

ሪስፔሪዶን የሚያልፈው ግን በሌላ ኢንዛይም ነው። እሱ ላይ ጾታ ብዙም ቦታ የለውም፤ ዘር ግን አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህን ኢንዛይም ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰውን መመሪያ፣ ከተለመደው በላይ ደጋግመው እንደያዙ አሳይቷል። ከሌላው ዓለም ጋር ሲተያይ ከፍተኛ ቁጥር ነው። መድኃኒት ቶሎ የሚያቃጥል ጉበት አላቸው ማለት ነው። ጂኑ ከአባትም ከእናትም ለወንድም ለሴትም እኩል ይወረሳል። ሪስፔሪዶን ሲፈጭ የሚወጣው ነገርም ራሱ መድኃኒት ስለሆነ እዚህ ላይ ልዩነቱ ይጠባል፤ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት የድብርት ክኒኖች ላይ ግን ይጎላል። ይህን የማነሳው አንድ ወጣት ከሌላው ሲለይ ጾታን ብቻ እንዳንከስ ብዬ ነው።

ጎረቤትዎ በእርግጥ ትክክል የሚሆኑበት አንድ መድኃኒት አለ። እሱም ሶዲየም ቫልፕሮኤት ነው። ለሚጥል በሽታና ለባይፖላር ይሰጣል። ለወንዱ ልጅ ጥሩ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ምንም እንኳ እዚህም ላይ አንዳንድ አገሮች በቅርቡ ለወጣት ወንዶችም ጥንቃቄ ጨምረዋል። ለልጃገረድ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከ100 ሕፃናት 10 የሚሆኑት ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳሉ። ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በአእምሮ እድገት ወደኋላ ይቀራሉ። ፎሊክ አሲድ መውሰድ ይህን አያስቀረውም። በወጣትነት ሲጀመር የወር አበባ ያዛባል፣ ክብደትም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት መውለድ ለሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳይሰጥ ይመክራል። የጎረቤት ልጅ ተሽሎታል ተብሎ ከሱ ተካፍሎ የሚዋጥ ክኒን አይደለም። ለተመሳሳይ በሽታዎች የሚሰጠው ካርባማዜፒንም የራሱ ጣጣ አለው፤ ከእርግዝና መከላከያዎች ውስጥ የሚዋጡትንና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን አቅም ያሳጣል። በየሦስት ወሩ የሚወጋውን ግን ብዙም አይነካውም። ይህን ያልተነገራት ልጅ «እየተከላከልኩ ነው» ብላ ታረግዛለች።

ስለ ክብደት ባጭሩ። ወጣቶች ከአዋቂዎች በላይ ይወፍራሉ፤ ሁለቱም ጾታ። አሜሪካ ውስጥ 272 ልጆችና ወጣቶችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ ነበር። በ11 ሳምንት ገደማ ኦላንዛፒን የጀመሩት በአማካይ 8.5 ኪሎ፣ ሪስፔሪዶን የጀመሩት 5.3 ኪሎ ጨመሩ። እኛ አገር ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ «ፊቷ ተመለሰ፣ ተመቻት» ይባላል። ልጅቷ ግን ዩኒፎርሟ አልገባ ሲላት ክኒኑን መቁጠር ትጀምራለች፤ ሁለት ቀን ትውጣለች፣ አንድ ቀን ትዘላለች። በየወሩ ኪሎዋን ይመዝኑ። ሚዛን ከሌለ የቀሚሷ ወገብ ይነግርዎታል።

አሁን ወደ ልጅዎ ልመለስ። ሐኪሟ ምን ሊያደርግ ይችላል? ፕሮላክቲኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ የመጀመሪያው መንገድ መጠኑን ቀስ እያሉ መቀነስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ድምፁ ሳይመለስ በትንሽ መጠንም ይያዛል። ሁለተኛው መድኃኒት መቀየር ነው። አሪፒፕራዞል የሚባለው ፕሮላክቲንን አይጨምርም፤ ከሪስፔሪዶን ጋር በትንሹ ሲሰጥም እንዲወርድ ያደርጋል። ከተገኘ ጥሩ አማራጭ ነው። ዝም ብሎ መጠበቁን ግን አልመክርም። ኢስትሮጅኗ ዝቅ ብሎ ከቆየ አጥንቷ ይሳሳል፤ በ17 ዓመት ደግሞ አጥንት ገና እየተገነባ ነው። ምርመራው ላይ ቁጥሩ ከመጠን በላይ ካሻቀበ፣ ወይም ራስ ምታት ከበረታባትና ከጎን ከጎን ያለው ነገር አልታይ ካላት፣ ከመድኃኒቱ ውጭ ሌላ ምክንያት እንዳይኖር ፒቱታሪዋ ኤምአርአይ በሚባለው የምስል መሣሪያ መታየት አለባት።

አንድ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። መድኃኒቱ ሲቀየር እንቁላል መውጣት የሚጀምረው ከመጀመሪያው የወር አበባ በፊት ነው። «አበባዬ ገና አልመጣም» ብላ የተማመነች ልጅ በዚያች ክፍተት ልታረግዝ ትችላለች። ይህን እናት መናገር ከከበዳት ነርሷ ትንገራት፤ መነገሩ ግን አይቅር።

የወንድምዎን ልጅ ነገር ደግሞ አደራ። ለወንድምዎ ስልክ ደውለው «ልጁን ጠይቀው» ቢሉት ሳሎን መሃል፣ ቲቪ እየታየ፣ «አንተ፣ ጡት አብቅለሃል እንዴ?» ብሎ ይጠይቀውና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይልቅ ቀጠሮው ላይ ሐኪሙ ልጁን ለብቻው እንዲያየው ይንገሩት። ሐኪሙም «ችግር አለ?» ካለው መልሱ «የለም» ነው። «ይህን መድኃኒት የሚወስዱ አንዳንድ ወንዶች ጡታቸው ያብጣል፣ ስሜታቸውም ይቀንሳል፤ አንተስ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። እርስዎም የልጅዎ ተራ ሲደርስ አብረዋት ይግቡ፣ አበባዋ የቀረባቸውን ወራት ለሐኪሙ ይቁጠሩለት፣ ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ውጭ አግዳሚው ላይ ቁጭ ይበሉ።